ስለ ዳባሾችና ስለ አሳምያ አስተኔ ስያሜ

የሥነ ሕይወት ጽሑፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ሸረሪት፣ ጊንጥ ወይም መዥገር ሲያጋጥመው ብዙም አይቸገርም። ሦስቱም ከጥንት ጀምሮ የታወቁ፣ በመዛግብተ ቃላት የሰፈሩና ልጅ ዐዋቂው የሚጠራቸው ስሞች ናቸው። ችግሩ የሚመጣው የእነዚሁ የቅርብ ዘመድ የሆነው፣ በላቲን ኦፒሊዮኔስ የሚባለው ክፍለ መደብ ሲደርስ ነው። በዚህን ጊዜ ለተርጓሚው ሦስት መንገዶች ይታዩታል። አንደኛው «ሸረሪት» ብሎ ማለፍ ነው። ሁለተኛው የእንግሊዝኛውን ስም ቃል በቃል ፈትቶ «አጫጅ» ወይም «አዝመራ ሰብሳቢ» ማለት ነው። ሦስተኛው የላቲኑን ስም በፊደላችን ገልብጦ አንባቢውን ከነጥያቄው መተው ነው። ሦስቱም መንገዶች ወደ ስሕተት ወይም ወደ ዝምታ እንደሚያደርሱ በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት እንሞክራለን። ከዚያም ለክፍለ መደቡ አንድ ስም፣ በአፍሪካና በእስያ ሞቃት አገሮች ለተሠራጨው ትልቅ አስተኔውም ሌላ ስም እናቀርባለን።

በቅድሚያ ስለ ፍጥረቱ ጥቂት ማለት ይገባል፤ የማያውቁትን ነገር መሰየም አይቻልምና። ኦፒሊዮኔስ ስምንት እግር ያላቸው፣ ከሸረሪት መሰሎች መደብ የሚቈጠሩ እንስሳት ናቸው። እስከ ዛሬ ድረስ ከ6,500 በላይ ዝርያዎቻቸው በሳይንስ ተገልጸዋል። በስኮትላንድ ራይኒ ከተባለ ስፍራ የተገኘው ቅሪተ አካላቸው 410 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ አካሉ ዛሬ በሕይወት ካሉት እምብዛም አይለይም። ሸረሪት ወገቡ ቀጭን ስለሆነ አካሉ ሁለት ሆኖ ይታያል፤ የእነዚህ አካል ግን ወገብ የለሽ፣ አንድ ድቡልቡል ነገር ነው። አብዛኞቹ ሸረሪቶች ስምንት ዐይን ሲኖራቸው እነዚህ ሁለት ብቻ አላቸው፤ ሁለቱም ዐይኖች ብዙ ጊዜ በጀርባቸው ላይ ካለች አንዲት ጉብታ ግራና ቀኝ የተቀመጡ ናቸው። ሸረሪት ያደነውን አሟሙቶ ፈሳሹን ይመጣል፤ እነርሱ ግን ቁራሹን እንዳለ ይውጣሉ። የሐር ዕጢ ስለሌላቸው ድር አያደሩም። የመርዝ ዕጢም የላቸውም። ጠላት ሲመጣባቸው የሚከላከሉት ከፊት ለፊት በጐንና ጐናቸው ካሉት ሁለት ዕጢዎች በሚያወጡት መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ካወቅን በኋላ «ሸረሪት» ማለት ለምን አይበቃም የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተራ አይደለም። በአቃቂ በሰቃ ወንዝ ዳር እርጥብ ድንጋይ ገልብጦ ይህን ፍጥረት ለሚያገኝ ሰው፣ አማርኛ ተናጋሪ ቢሆን ሸረሪት፣ ኦሮምኛ ተናጋሪ ቢሆን ሰሪቲ ማለቱ ተፈጥሯዊ ነው። ትግርኛ ተናጋሪም ቢሆን ሳሬት ብሎ ያልፋል። ሕዝብ የሚሰይመው ከኑሮው ጋር የተያያዘውን ነው። የማይነክስ፣ እህል የማያበላሽ፣ የማይበላ፣ ቀን ቀን የሚደበቅ ነገር የራሱን ስም ቢያጣ አያስደንቅም፤ የሕዝቡን ቋንቋም ድኻ አያሰኘውም። የእንግሊዝኛው ስም ራሱ የመጣው እንስሳው በዚያ አገር በአጨዳ ወራት በብዛት ስለሚታይ ነው እንጂ ገበሬዎቹ ሊቃውንት ስለነበሩ አይደለም።

ነገር ግን የሕዝብ ቋንቋ የማያስፈልገውን ልዩነት የጽሑፍ ቋንቋ ሊፈልገው ይችላል። አቃቂ በሰቃን እንደ ምሳሌ የወሰድነው ለዚህ ነው። ከተማዋ በባቡር ጣቢያዋና በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ የታወቀች ነበረች። ዛሬ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ የአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ አካል ናት። ትንሹና ትልቁ አቃቂ የዋና ከተማውን ፍሳሽ ተሸክመው በዚህ በኩል ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት ፋብሪካም ሆነ መንገድ ከመሠራቱ በፊት በአካባቢው ላይ የሚያደርሰው ተፅዕኖ ተገምግሞ በጽሑፍ መቅረብ አለበት። እንዲህ ያለውን ሰነድ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው በእንግሊዝኛው ዝርዝር ውስጥ ሸረሪትን በአንድ መሥመር፣ ኦፒሊዮኔስን በሌላ መሥመር ቢያገኝ ምን ያደርጋል? ሁለቱንም ሸረሪት ቢል መሥመሩ ይደገማል፤ አራሚውም የተደገመውን ይሠርዛል። «ልዩ ልዩ ነፍሳት» ቢል ደግሞ ነፍሳት የምንላቸው ስድስት እግር ያላቸውን ስለሆነ ስሕተት ይሆናል። በሁለቱም መንገድ እንስሳው ከሰነዱ ይወጣል። እርጥበት ሲጠፋ ቶሎ የሚጠፋና ራቅ ወዳለ ስፍራ መሻገር የማይችል ፍጥረት ስለሆነ፣ ከዝርዝሩ መውጣቱ የወንዙን ዳር ሁኔታ ከሚናገሩ ምስክሮች አንዱን ማጣት ነው።

«ሸረሪት» የሚለው ቃል ሌላም ሸክም አለበት። በግእዝ ሣሬት ነው፤ በመዝሙረ ዳዊት ሰማንያ ዘጠነኛው መዝሙር ዘመናችን የተመሰለበት ፍጥረት ይኸው ነው። በአማርኛ ሸረሪት ስንል አእምሯችን በቀጥታ የሚሄደው ወደ ድሩ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። ቤት ተዘግቶ መክረሙን ለመናገርም «ሸረሪት አድርቶበታል» እንላለን። ስለዚህ ቃሉ በትርጕሙ ውስጥ ድርን ይዟል ማለት ይቻላል። ድር የማያውቀውን እንስሳ በዚህ ስም መጥራት አንባቢውን ወዳልሆነ ሥዕል ይመራዋል።

ከድሩ የባሰ ደግሞ አለ። በቆዳ ላይ ቁስል ሲወጣ «ሸረሪት ሸንቶብኝ ነው» የሚል ሰው ዛሬም አለ። እውነተኛው ሸረሪት ራሱ ያለ ጥፋቱ የተከሰሰበት ነገር ነው፤ ዘመዱን በዚያው ስም መጥራት ክሱን ወደ እርሱ ማስተላለፍ ይሆናል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድም የተስፋፋ ተመሳሳይ ተረት አለ። «ይህ ፍጥረት በዓለም ላይ ካሉት ሁሉ የከፋ መርዝ አለው፤ የሰውን ቆዳ የማይበሳው ጥርሱ አጭር ስለሆነ ነው» ይላሉ። መርዝ የሌለው እንስሳ ስለ መርዙ ብርታት ሲወራለት እንግዳ ነገር ነው። ተረቱ የተነሣው ከስም መደባለቅ ነው፤ በእንግሊዝኛ አንዱ የቤት ስም ለኦፒሊዮኔስም፣ በጣራ ማዕዘን ለሚኖረው ቀጭን እግር ሸረሪት (ወገኑ ፎልኩስ ይባላል)፣ እንዲያውም ለአንድ ባለ ክንፍ ነፍሳት ያገለግላል። ስም ሲደባለቅ ወሬውም ይደባለቃል። ይህን ወሬ ወደ አማርኛ ያስገባ ተርጓሚ ከነመደባለቁ ማስገባቱን ልብ ሊል ይገባዋል።

የስም ማጥፋቱ ታሪክ በእርግጥ የቆየ ነው። ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1758 በአውሮፓ የታወቀውን ዝርያ ፋላንግዩም ኦፒልዮ ብሎ ሰየመ። ፋላንግዮን በጥንት ግሪክኛ መርዘኛ የሸረሪት ዓይነት ነበር። ኦፒልዮ ደግሞ በላቲን የበግ እረኛ ማለት ነው። ስዊድናዊው ሱንደቫል እ.ኤ.አ. በ1833 መላውን ክፍለ መደብ የሰየመው ከዚህ ከሁለተኛው ቃል ነው። እረኛ የተባለው በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች እረኞች በጎቻቸውን ከሩቅ ለማየት በረጃጅም የእንጨት እግሮች ላይ ቆመው ስለሚሄዱ ነው ይባላል። በእኛም አገር የባና ወጣቶች እንዲህ ባሉ እንጨቶች ላይ ሲራመዱ ይታያሉ። ሆኖም በአማርኛ «እረኛ» ስንል ዱላውን፣ ዋሽንቱንና ከብቱን እንጂ የእንጨት እግርን አናስብም። ስለዚህ ምስሉ አይሻገርም።

የሌሎቹ ሕዝቦች ስሞችም እንዲሁ ከየራሳቸው ኑሮ የተቀዱ ናቸው። ፈረንሳዮች አጫጅ ይሉታል፤ እብራውያንም እንዲሁ። ሆላንዶች የድርቆሽ ጋሪ ይሉታል። ጀርመኖች የሸማኔ አሽከር ይሉታል፤ ኖርዌዮች ደግሞ ሸማኔ አሮጊት። ጃፓኖች ዛቶ ሙሺ ይላሉ፤ ዛቶ በቀድሞ ዘመን ዐይነ ስውራን የሙዚቃና የወጌሻ ባለሙያዎች የሚጠሩበት ማዕርግ ስለነበረ፣ የስሙ ትርጕም «የዐይነ ስውር ትል» እንደ ማለት ነው።

አሁን «አጫጅ» የሚለውን እንመርምር፤ አብዛኞቻችን ከእንግሊዝኛ ስለምንተረጕም ወደ እጃችን ቶሎ የሚመጣው እርሱ ነውና። በአውሮፓ አጨዳው በበጋው መጨረሻና በመጸው ነው። አፈሩ ገና እርጥበት አለው፤ እንስሳውም ያደገው በዚያው ጊዜ ስለሆነ በእህሉ መካከል በብዛት ይታያል። በእኛ አገር ግን በአቃቂ ዙሪያ ባለው ጥቁር አፈር ላይ ጤፍና ስንዴ የሚታጨዱት ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከኅዳር ጀምሮ፣ መሬቱ ሲደርቅና ሲሰነጣጠቅ ነው። እርጥበት ወዳዱ እንስሳ በዚያ ወራት የሚፈለገው ከወንዝ ዳር፣ ከድንጋይ ሥርና ከበሰበሰ ቅጠል ውስጥ ነው። «አጫጅ» ብንለው ስሙ ወቅቱንም ቦታውንም ይዋሻል። በዚያ ላይ አጫጅ በአማርኛ ማጭድ የያዘ ሰው ነው። «በወንዙ ዳር ሦስት ዓይነት አጫጆች ተገኝተዋል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ያነበበ የወረዳ ሹም የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

የጀርመኖቹ «የሸማኔ አሽከር» ከዚህም የባሰ ነው። ፍጥረቱ ድር አያደራም ብለናል። ድርና ማግ ለፋብሪካ ሠራተኛ ልጆች ሳይቀር የቤት ቃላት በነበሩባት በአቃቂ በሰቃ ከተማ ድር የማያውቀውን ነገር ከሸማኔ ጋር ማያያዝ ፌዝ ይሆናል። ከዚህም በላይ ሸማኔ በአገራችን «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ያለ ጥፋቱ ሲናቅ የኖረ ባለሙያ ነው። በንቀቱ ላይ «አሽከር» የሚል ቃል መጨመር አይገባም።

የግእዝ ወዳጆች ደግሞ «ነዊኀ እግር»፣ ሲበዛም «ነዊኃነ እግር» የሚል ስም ሊያቀርቡ ይችላሉ። ቃሉ ያማረ፣ አሠራሩም በሥርዐቱ የሄደ ነው። የማንቀበለው በግእዝነቱ አይደለም። ግእዝ ለሳይንስ ስያሜ የሰጠን አገልግሎት ታላቅ ነው፤ ሥነ ሕይወት የሚለው ቃል ራሱ ከዚያው የተገኘ ነው። የማንቀበለው ስሙ ልዩነት ስለማያሳይ ነው። ከላይ የጠቀስነው የጣራ ማዕዘን ሸረሪትም እግሩ ረጅም ነው። ከኦፒሊዮኔስም ውስጥ ከድርጭት እንቁላል ቅርፊት ስባሪ የማይበልጡ፣ እግራቸው አጭር የሆኑ ዝርያዎች ብዙ ናቸው። መለያ የማይሆን ባሕርይ ስም ሊሆን አይገባውም።

ታዲያ መለያው ምንድን ነው? እንስሳው ሲሄድ ያየ ሰው መልሱን ያገኘዋል። ከአራቱ ጥንድ እግሮች ሁለተኛው ጥንድ ከሌሎቹ ይረዝማል፤ ዋና ሥራውም መሄጃነት አይደለም። እንስሳው በስድስቱ እግሮቹ እየተራመደ ሁለቱን ወደ ፊትና ወደ ጐን ዘርግቶ መሬቱን፣ ድንጋዩንና ቅጠሉን እየነካካ መንገዱን ያገኛል። ዐይኖቹ ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት እምብዛም አያልፉም፤ ዓለሙን የሚያውቀው በእነዚህ ሁለት እግሮች ነው። ጃፓኖቹ ያዩት ይህንኑ ነው። ለዚህ ድርጊት አማርኛ የተዘጋጀ ግሥ አለው፤ ይኸውም ዳበሰ ነው። በጨለማ ቤት ክብሪት የሚፈልግ ሰው ይዳብሳል። ስለዚህ ክፍለ መደቡን «ዳባሽ»፣ በብዙ ቁጥር «ዳባሾች» ብለን እንድንጠራው ሐሳብ እናቀርባለን።

በዚህ ስም ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎችን አስቀድመን ማየት ይሻላል። «ዳሳሽ» ለምን አልሆነም የሚል ይኖራል፤ ዳሰሰ የሚለው ግሥ ይበልጥ ጨዋ ነውና። ዳሰሰን ያልመረጥነው ዳሳሽ የሚለው ቃል በቴክኖሎጂ ጽሑፎች ሙቀትን፣ ብርሃንን ወይም እንቅስቃሴን ለሚለይ መሣሪያ መዋል ስለ ጀመረ ነው። በአንድ ሰነድ ውስጥ የወንዙን ጥራት የሚለካ ዳሳሽና በወንዙ ዳር የሚኖር ዳሳሽ ቢገናኙ ለአንባቢው አይበጅም። በተጨማሪም ዳሰሰ ሆን ብሎ፣ ብዙ ጊዜም እያዩ መንካትን ያመለክታል፤ ዳበሰ ግን ያለ ማየት መፈለግን ይጨምራል። ለእንስሳው የሚስማማው ሁለተኛው ነው።

«ኪስ ዳባሽ» የሚለው አነጋገር ስሙን አያጐድፈውም ወይ የሚልም አለ። በዚህ ረገድ ምርጫችን ሙሉ በሙሉ ንጹሕ ነው አንልም። ነገር ግን ሌባው የሚታወቀው «ኪስ» በሚለው ቃል ነው፤ ቃሉ ሲነሣ ነውሩም አብሮት ይነሣል። ጠበቅ ያለ ተቃውሞ የሚመጣው ከሥነ ሕይወት ባለሙያዎች ነው። ከአራቱ ንዑስ ክፍለ መደቦች አንደኛው፣ ምስጥ በሚያካክሉ ጥቃቅን ዝርያዎች የተሞላው፣ የሚዳብሰው በሁለተኛው ሳይሆን በመጀመሪያው ጥንድ እግሩ ነው። ልክ ነው። ሆኖም ስሙ እግሩን አልቈጠረም፤ ድርጊቱን ብቻ ነው የተናገረው። «ሁለተኛ እግር ዳባሽ» ብንል ኖሮ ተቃውሞው ያፈርሰን ነበር።

ወደ አስተኔው እንለፍ። ከዳባሾች መካከል በሞቃት አገሮች ከሚገኙት ሰፋፊ አስተኔዎች አንዱ በላቲን አሳሚዴ ይባላል። ዴንማርካዊው ሶረንሰን እ.ኤ.አ. በ1884 አሳምያ የሚል ወገን መሠረተ፤ አስተኔውም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ወገን ነው፤ የወገኑ ስም ደግሞ ከሕንድ ሰሜን ምሥራቅ ግዛት ከአሳም የመጣ ነው። አስተኔው ዛሬ ከ400 በላይ ዝርያዎች አሉት። መኖሪያው ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ፣ ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ እንዲሁም የአውስትራልያ ሰሜናዊ ክፍል ነው። አካላቸው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ሲሆን፣ ብዙዎቹ በጀርባቸው ላይ እንደ መረብ የተጠላለፈ ጥቁርና ቢጫ ወይም ቡናማ ጌጥ አላቸው። የአፋቸው ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ትንንሽ ክንዶች በብዙዎቹ ዘንድ በአፋቸው ፊት ተመሳቅለው ይታጠፋሉ፤ እጁን ደረቱ ላይ አመሳቅሎ የሚቆም ደጅ ጠኚ ይመስላሉ።

ይህን አስተኔ በሰፊው ያጠናው ጀርመናዊው ካርል ፍሪድሪክ ሮወር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1923 የዓለምን ዳባሾች በአንድ ታላቅ መጽሐፍ ሰበሰበ፤ በ1935 ደግሞ ስለ አሳምያ አስተኔ ለብቻው ጻፈ። ሮወር ወገንን ከወገን የሚለየው ብዙውን ጊዜ በእግር ጫፍ ያሉትን አንጓዎችና በጀርባ ያሉትን እሾኾች በመቊጠር ነበር። ከዚህም የተነሣ አንድ ዝርያ ብቻ ያላቸው ወገኖች እጅግ በዙ፤ ከእርሱ በኋላ የመጡ ሊቃውንት ብዙዎቹን ሲያዋሕዱ ቆይተዋል። ይህን የምንጠቅሰው ለተርጓሚው ጥቅም ነው። የወገን ስም ሊለወጥ እንደሚችል ያወቀ ተርጓሚ ለእያንዳንዱ ወገን የአማርኛ ስም ለመፍጠር አይደክምም። ዘላቂ የሆኑት ክፍለ መደቡና አስተኔው ናቸው፤ ጥረታችንም በእነርሱ ላይ መዋል አለበት።

አሁን «አሳሚዴ» የሚለውን በፊደላችን እንጻፈው። የመጀመሪያው እንቅፋት የሚታየው ወዲያው ነው፤ ዐይን አሳማን ያነባል። «አስተኔ አሳም» ብለን ብንጽፍ የፊደል ለቃሚውም ሆነ የአራሚው እጅ ሳያስበው አንዲት ቅጥል ለውጦ «አስተኔ አሳማ» ያደርገዋል። ያ ደግሞ በሥነ ሕይወት በእርግጥ ያለ፣ ከርከሮንና የቤት አሳማን የያዘ ሌላ አስተኔ ነው። ከዚህ የበለጠ አደገኛ የፊደል ስሕተት አይገኝም፤ ምክንያቱም የተበላሸው ቃል ራሱ ትርጕም ያለው፣ በዚያው መስክ የሚሠራበት ስም ስለሆነ አንባቢው ስሕተት መሆኑን አይጠረጥርም። «አሳሚዴ» ብንለውም ጆሮ አሳማሚ ከሚለው ቃል አያርቀውም። መርዝ የለውም እያልን የምንከራከርለት እንስሳ የሚያሳምም መስሎ ሊሰማ ነው። (የአሳማውን አስተኔ «አስተኔ እሪያ» በማለት ችግሩን ከወዲያኛው ጫፍ መፍታት ይቻላል የሚል ሐሳብ ሊነሣ ይችላል፤ ነገር ግን በአንድ ሚሊሜትር ፍጥረት ምክንያት አሳማን ስሙን ማስለወጥ ተገቢ አይመስለንም።)

ሁለተኛው እንቅፋት «ኢዴ» የሚለው መድረሻ ነው። በላቲን የእንስሳት አስተኔ ስሞች ሁሉ በዚህ መድረሻ እንዲያልቁ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ሕግ ያዛል። በእኛ ጽሑፎች ግን ይህ መድረሻ ተርጓሚው በተማረበት ቋንቋ አነባበብ እየተለወጠ ኢዴ፣ ኢዳ ወይም አይዲ ሊሆን ይችላል። አንድ አስተኔ በሦስት አጻጻፍ ሲታይ ሦስት አስተኔ ይመስላል። በመሠረቱ መድረሻው ለእኛ አያስፈልገንም። አስተኔ የሚለው የራሳችን ቃል ከፊት ቆሞ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ «አስተኔ ድመት» ስንል ማንም ኢዴ አልጠየቀም። «አስተኔ አሳሚዴ» ማለት «የሰሐራ በረሓ» እንደ ማለት ነው፤ ሰሐራ በዐረብኛ ራሱ በረሓ ነውና።

ስለዚህ መድረሻውን ትተን አስተኔው ወደ ተወለደበት ወገን ስም እንመለስና «አስተኔ አሳምያ» እንበል። «ምያ» የሚለው ፍጻሜ ቃሉን ከአሳማም ከአሳማሚም ያርቀዋል። ሶርያ፣ ሊብያ፣ ኢትዮጵያ የሚሉትን ስሞች የለመደ አንባቢም ከአገር ስም የተወለደ መሆኑን ያለ ማብራሪያ ይገምታል። የዓለም አቀፉ ሕግ መንፈስም አይጓደልም፤ የአስተኔው ስም ከወገኑ ስም ጋር ተያይዞ ይቀራልና። «የአሳም ዳባሾች» የሚለውን ግን እንቃወማለን። ብዙዎቹ ወገኖች የሚኖሩት በአፍሪካ ሆኖ ሳለ ሁሉንም የሕንድ እንግዶች ያደርጋቸዋል።

በዚህ ላይ ስለ አገራችን አንድ ዝርያ ሳንናገር አናልፍም። እንግሊዛዊው የነፍሳት ተመራማሪ ሂዩ ስኮት እ.ኤ.አ. በ1952 እና በ1953 በስሜን ተራሮች ጥናት አድርጎ ነበር። ሮወር እ.ኤ.አ. በ1956 ከአሳምያ አስተኔ አንድ አዲስ ወገን ሰይሞ ከስሜን ስም «ስሜናቱስ» የሚለውን ቃል አወጣ፤ ዝርያውንም ለስኮት መታሰቢያ «ስሜናቱስ ስኮቲ» አለው። የላቲኑ አጻጻፍ የውጭ አገር ካርታዎች ስሜንን በሚጽፉበት ዐይነት ስለሆነ በቀጥታ የሚገለብጥ ሰው «ሲሚየናቱስ» ብሎ ይጽፈዋል። እንዲህ ሲጻፍ ቃሉ ከጐንደር ተነሥቶ በብሬመን በኩል ዞሮ ሲመለስ አገሩን ረስቶ የመጣ ይመስላል። ከአገራችን የቦታ ስም የተሠራ የሳይንስ ስም ወደ ፊደላችን ሲመለስ በመነሻው ቃል አጻጻፍ መመለስ አለበት፤ «ስሜን» እንጂ «ሲሚየን» አይደለም። በተጨማሪም «ሰሜናቱስ» ብሎ በግዕዙ ሰ መጻፍ የአገሩን ስም ከአቅጣጫው ስም ጋር ያቀላቅለዋል። ይህ ደንብ ለዳባሾች ብቻ ሳይሆን ሸዋን፣ ሐረርን፣ ጣናን ወይም ባሌን በያዙ የዕፅዋትና የእንስሳት ስሞች ሁሉ ላይ ቢሠራበት መልካም ነው።

አሳምያ የሚገኝበትን ንዑስ ክፍለ መደብ ስም ላንያቶሬስን በተመለከተ ግን መተርጐምን አንመክርም። ስዊድናዊው ቶሬል እ.ኤ.አ. በ1876 የሰጠው ይህ ስም በላቲን ሥጋ በላቾች፣ ባለ ልኳንዳዎች ማለት ነው። ያለ ፍርሃት የሚነበበው እንዳለ በላቲኑ ሲቀር ነው።

ለመዝገበ ቃላት የሚሆነውን አገባብ እንደሚከተለው እናቀርባለን። ዳባሽ (ስም፤ ብዙ፣ ዳባሾች)፦ ከሸረሪት መሰሎች መደብ የሆነ፣ ወገብ የለሽ፣ ድር የማያደራ፣ መርዝ የሌለው፣ በረጃጅም እግሮቹ እየዳበሰ የሚሄድ ባለ ስምንት እግር እንስሳ። አስተኔ አሳምያ፦ በአፍሪካ፣ በእስያና በአውስትራልያ ሞቃት አገሮች የሚኖር የዳባሾች አስተኔ። በመጀመሪያው አገባብ «ዳባሽ ሸረሪት» የሚል ጥምር ስም አልሰጠንም፤ ለሕፃናት መጻሕፍት አመቺ እንደሚሆን ብንገምትም «ሸረሪት» የሚለው ቃል በዚያ በኩል ተመልሶ ይገባል። የዳበሰ ፍቺም በዚሁ አጋጣሚ መታየት ይኖርበታል። «በእጅ» የሚለው ቃል በፍቺው ውስጥ ግዴታ ሆኖ ከገባ ዳባሽ የተባለው እንስሳ እጅ የለውምና፣ «በእጅ ወይም በሌላ አካል» ተብሎ ቢሰፋ ይሻላል።